ስኬጁሉ ለባለቤቱ ይሂድ፣ ዋጋው ግን ቤት ይቅር

በሳምንት ቢያንስ አንድ ሰው ይደውልልኛል። አንዱ ደብረ ማርቆስ ላይ ጂ ፕላስ ሁለት የሚሠራ ተቋራጭ ነው። ሌላው ፍኖተ ሰላም ያለ የሳይት መሐንዲስ፣ ሌላዋ ዳንግላ ላይ የተቋራጭ ቢሮ የምትይዝ ጸሐፊ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ባለቤቱ ስኬጁሉን (የሥራውን መርሐ ግብር) ላኩልኝ ብለው ይዘውናል። ዋጋችንና የሰዎቻችን ስም ሳይታይ እንዴት እንላክላቸው?» በስልክ ሳስረዳ ግማሹ ይረሳል። ስለዚህ ከነምክንያቱ ጻፍሁት።

እኔም ተቀጥቼ ነው የተማርሁት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ባለቤት የኤክሴል ስኬጁል ላክሁ። የዋጋውንና የሰብ ኮንትራክተሩን ዓምድ «ሃይድ» አድርጌ ተማምኜ ነበር። ሰውየው ፋይሉን ለእህታቸው ልጅ አሳዩት። ልጁ ቀኝ ክሊክ አደረገ፣ «አንሃይድ» አለ፣ በቃ። በማግስቱ ሳይት መጡና፣ «ኢንጂነር፣ ልስኑን በካሬ በዚህ ካሠራችሁት ከእኔ ላይ ይህን ሁሉ ለምን ትወስዳላችሁ?» አሉኝ። በመሀል ያለው ትርፍ ብቻ እንዳልሆነ፣ መወጣጫው፣ ብክነቱ፣ ግብሩ እንዳለበት ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የልሳኙን ስልክ ቁጥርም ከዚያው ፋይል አግኝተው ደውለውለት ነበር።

ከዚህ በታች ያለው ለሕንፃ ሥራ የተጻፈ ነው። ለአሉሚኒየም፣ ለፈርኒቸር ወይም ለሶፍትዌር ሥራም ቢሆን አካሄዱ አይለወጥም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- በዚህ ሳምንት የታደሰ የውስጥ ስኬጁል፣ በኤክሴል ወይም በኤምኤስ ፕሮጀክት
- የተፈረመው ውል ከነአባሪዎቹ
- ባዶ፣ አዲስ የኤክሴል ፋይል
- በዓላቱ የተጻፉበት የአማርኛ የግድግዳ ካላንደር
- የታተመ የውስጥ ስኬጁልና ሦስት ቀለም ማርከር
- የሌላ ሰው ስልክ (ለምን እንደሆነ ተራ ቁጥር 8 ላይ ታያላችሁ)

ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ማደሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

1. መጀመሪያ ውሉን አንብቡ

ምን መስጠት እንዳለባችሁ የሚወስነው ውሉ ነው። በተለይ የመንግሥት ሥራ ከሆነ፣ አማካሪው (ባለቤቱን ወክሎ ሥራውን የሚቆጣጠረው መሐንዲስ) ዝርዝር መርሐ ግብር በተወሰነ ቀን ውስጥ የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይችላል። ለምሳሌ በ1999 እ.ኤ.አ. የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ውል አንቀጽ 8.3 መሠረት ተቋራጩ ዝርዝር የጊዜ መርሐ ግብር የሚያስገባው የሥራ መጀመሪያ ማስታወቂያ በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ነው። ውሉ ያስገደደውን ነገር «ምስጢር ነው» ብሎ መያዝ አይቻልም፤ ክፍያ ያስይዝባችኋል። ውሉ ዝም ካለ ግን የቅርጹ ውሳኔ የእናንተ ነው።

ሦስት ነገር በማስታወሻ ያዙ፦ በስንት ቀን አንዴ ይላካል፣ በወረቀት ነው በፋይል፣ ዋናውን ፋይል ነው ወይስ ፒዲኤፍ።

2. የውስጡን ስኬጁል አትሙና በሦስት ቀለም ለዩት

ይህን በስክሪን ላይ አትሥሩት። በወረቀት ሲሆን ዓይን አይዘልም። አረንጓዴ እንዳለ የሚሄድ ነው፣ ቢጫ ተለውጦ የሚሄድ፣ ቀይ ቤት የሚቀር።

ቀዩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ ዋጋውን ብቻ አይቶ ሌላውን ያልፈዋልና።

ዋጋና የቀን ክፍያ። ይህ ግልጽ ነው። የአናጢው፣ የግንበኛው፣ የቀን ሠራተኛው ሒሳብ ሁሉ ቀይ ነው። ባለቤቱ የሠራተኛ ቁጥር ብቻ ቢያገኝ እንኳ በቀን ክፍያ አባዝቶ የእጅ ዋጋችሁን ይደርስበታል። ስለዚህ «8 አናጢ» የሚለውም ይውጣ።

የሰብ ኮንትራክተርና የአቅራቢ ስም። ስሙ ከታወቀ ስልኩ ከአንድ ሻይ ቤት አይርቅም። በስሙ ፋንታ የሥራውን ዓይነት ጻፉ፦ «የሳኒተሪ ቡድን»፣ «የአሉሚኒየም ሥራ»። የሰዎች ስምና ስልክ ሌላም ጣጣ አለው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሠራተኛውን ስልክ ሳያውቅ ለሦስተኛ ወገን መበተን ከጨዋነት ያለፈ ጉዳይ ሆኗል።

የሌላ ደንበኛ ጉዳይ። «ሚክሰር ከቡሬው ሳይት ሲመለስ» የሚል መስመር ለእናንተ ማስታወሻ ነው። ለባለቤቱ ግን «የእኔ ቤት የቆመው የቡሬውን ሰው ልታስደስቱ ነው» የሚል ንባብ አለው። በዚያ ላይ የቡሬው ሰው ሥራ የቡሬው ሰው ምስጢር ነው።

የውስጥ ማስታወሻ። «ባለቤቱ ክፍያ ያዘገያል፣ ተጠንቀቁ»፣ «ፎርማኑ ደክሟል»። ሳቅ ይመጣል፤ ግን በኖት ውስጥ ተረስቶ የሄደ አይቻለሁ።

ብረትና ሲሚንቶ የሚገቡበት ቀን፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ሰዓት። ይህን ማንም ቀይ አያደርገውም። ብረት ከአዲስ አበባ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ መጥቶ ማታ ሳይት ላይ የሚራገፍበት ቀን በቴሌግራም ግሩፕ ከተበተነ፣ ዘበኛው ብቻውን ምን ያደርጋል? ፎርማኑ ደመወዝ ይዞ የሚመጣበት ቅዳሜና ሰዓቱም እንዲሁ። ባለቤቱ ላይ ክፉ ነገር አስቤ አይደለም። ፋይሉ ከእሳቸው አልፎ የት እንደሚደርስ ግን እሳቸውም አያውቁም።

መጠባበቂያ ቀናት ቢጫ ናቸው። ወደ ተራ ቁጥር 5 አስተላልፌያቸዋለሁ።

3. አዲስ ፋይል ክፈቱ፣ የድሮውን «ሴቭ አዝ» አታድርጉ

የዚህ ሁሉ መመሪያ እምብርት ይህ ነው። መደበቅ ማጥፋት አይደለም። «ሃይድ» የተደረገ ዓምድ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ጽሑፍ፣ የተደበቀ ሺት፣ ሁሉም ፋይሉ ውስጥ እንዳለ አብሮ ይሄዳል። ሺቱን በፓስወርድ «ፕሮቴክት» ብታደርጉትም ያው ነው። ከሌላ ፋይል ያንን ሴል የሚጠራ ፎርሙላ ከተጻፈ የተደበቀው ቁጥር ይመጣል።

ስለዚህ፦

ሀ. ባዶ ኤክሴል ክፈቱ።
ለ. ከውስጡ ፋይል አረንጓዴዎቹን ብቻ ኮፒ አድርጉ።
ሐ. «ፔስት ስፔሻል» ገብታችሁ «ቫልዩስ» የሚለውን ምረጡ። ተራ ፔስት ፎርሙላውን ይዞ ይመጣል። ፎርሙላው ደግሞ ከዋናው ፋይል ጋር ሊንክ ሊፈጥር ይችላል፤ በሊንኩ የመጣው ቁጥርም በአዲሱ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።
መ. ፒቮት ቴብል (ዳታን ጠቅልሎ የሚያሳይ ሰንጠረዥ) በፍጹም ኮፒ አታድርጉ። ፒቮት የተሠራበትን ሙሉ ዳታ በሆዱ ይዞ ይዞራል።

4. ዝርዝሩን ጠቅልሉት

የውስጥ ስኬጁላችሁ 150 መስመር ቢኖረው፣ ለባለቤቱ ከ15 እስከ 20 ይበቃዋል። ምክንያቱ ምስጢር ብቻ አይደለም። 150 መስመር የተሰጠው ሰው በየቀኑ አንዱ መስመር ላይ ስትዘገዩ ያገኛችኋል፤ የሚደውለውም በየቀኑ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ፤ ሶሌታ የፎቁ የአርማታ ወለል፣ ካሳፎርማ አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ ነው። የውስጡ እንዲህ ይላል፦

«የ1ኛ ፎቅ ሶሌታ፦ ካሳፎርማ 7 ቀን፣ ብረት ማሰር 5 ቀን፣ የኤሌክትሪክ ቱቦ መዘርጋት 2 ቀን፣ አርማታ መሙላት 1 ቀን፣ መጠባበቂያ 4 ቀን። መጀመሪያ ሐሙስ ጥቅምት 26 ቀን 2019 ዓ.ም.።»

ለባለቤቱ የሚሄደው አንድ መስመር ነው፦

«የ1ኛ ፎቅ ሶሌታ አርማታ ተሞልቶ ያልቃል — እስከ ቅዳሜ ኅዳር 19 ቀን 2019 ዓ.ም.»

ከሥሩ ግን አንድ መስመር ጨምሩ፦ «አርማታው ውኃ እየጠጣ የሚቆይበት ጊዜ»። ለምን? አርማታ የታሰበለት ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀን ነው፤ ካሳፎርማውም በማግስቱ አይነሳም። ባለቤቱ ይህን ካላወቁ፣ ሳይት መጥተው ፎቁ ላይ ሰው ሲያጡ ሥራ የቆመ ይመስላቸዋል። ጠቅልሉ ስል የሚያረጋጋውን ነገር አስቀሩ ማለቴ አይደለም።

5. ሁለት ቀን ይኑራችሁ፤ የውስጥ ግብና የቃል ቀን

ከላይ ባለው ምሳሌ ሥራው ራሱ 15 የሥራ ቀን ነው። እሑዶችን፣ የጥቅምት መድኃኔዓለምንና የኅዳር ሚካኤልን ስትዘሉ ኅዳር 15 ያልቃል። ይህ የውስጥ ግባችሁ ነው፤ ፎርማኑ የሚያውቀው ይህንን ነው። አራቱ የመጠባበቂያ ቀናት ሲጨመሩ ኅዳር 19 ይሆናል። ለባለቤቱ የሚሰጠው የቃል ቀን ይሄ ነው።

መጠባበቂያውን እንደ ራሱ መስመር አታሳዩ። ያየው ሰው ይበላዋል። አንድ ባለቤት ስኬጁሉ ላይ ለማጠናቀቂያ ሥራ የተያዘ ሦስት ሳምንት መጠባበቂያ አይተው፣ የሴራሚክ ምርጫቸውን ሦስት ሳምንት አዘገዩት። «ጊዜ አላችሁ አይደል?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ወረቀቱ ላይ አለ። ከዚያ ዝናብ ሲመጣ የምንሸሽበት አልነበረም።

በየመስመሩም አትበትኑት። በየምዕራፉ መጨረሻ ላይ ሰብሰብ አድርጉት፤ መሠረት ላይ፣ ስትራክቸር ላይ፣ ማጠናቀቂያ ላይ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ለመዋሸት ፈቃድ አይደለም። ሥራው ዘግይቶ ሳለ የቃል ቀኑን እንዳለ ማሳየት ምስጢር መጠበቅ ሳይሆን ማታለል ነው፤ በውልም ያስጠይቃል። አማካሪው ክሪቲካል ፓዝና (ቢዘገዩ መጨረሻውን የሚገፉትን ሥራዎች ሰንሰለትና) ፍሎት (አንድ ሥራ መጨረሻውን ሳይገፋ ሊዘገይ የሚችልበትን ቀን) ከጠየቀ፣ ውሉም ከፈቀደለት፣ ስጡት።

6. የባለቤቱን ቀናት አስገቡ

ባለቤቱ ስኬጁል የሚፈልጉት ለዚህ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን እንረሳዋለን። እሳቸው የሚወስኑበት፣ የሚከፍሉበት፣ የሚገዙበት ቀን በጉልህ ይታይ፦

«የሴራሚክ ምርጫ — እስከ ጥር 15»
«የበርና መስኮት ቀለም — እስከ ጥር 30»
«ለመብራት ቆጣሪ ማመልከት — በባለቤቱ፣ እስከ የካቲት 10»

ከጎኑ ቀኑ ካለፈ ምን እንደሚከተል በአንድ ሐረግ ጻፉ፦ «ካለፈ የወለል ሥራ በዚያው ልክ ይገፋል»። በኋላ «ማን አዘገየው» የሚል ክርክር ሲነሳ ይህች ሐረግ ትረዳችኋለች። ደግሞ ይህ ሁሉ የሚሰጥ መረጃ ነው፤ ከዋጋችሁ አንድ ሳንቲም አይገልጥም።

7. ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱ

ኤምኤስ ፕሮጀክት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚቆጥረው። ባለቤቱ ደግሞ «ኖቬምበር 28» ሲባሉ ኅዳር 28 ነው የሚመስላቸው። የዘጠኝ ቀን ልዩነት አለው፤ ኖቬምበር 28 ቀን 2026 ኅዳር 19 ነው። ለደንበኛ የሚሄደው በዓመተ ምሕረት ይሁን፤ አማካሪው ከፈለገ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ጳጉሜን እንዳትዘሉ። የ2019 ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት። ወሩን በ30 እያባዙ የሚሄዱ ሰዎች እዚህ ላይ ሁሌም ይስታሉ።

የሥራ ቀን ስትቆጥሩም እዚህ አገር እንዳለን አትርሱ። ከገጠር የሚመጣው የቀን ሠራተኛ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔዓለምን፣ በ29 በዓለ ወልድን ሊያከብር ይችላል። የትኞቹን እንደሚያከብሩ ፎርማኑን ጠይቁት። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡ አለ። በተለይ መረሬ አፈር ላይ የመሠረት ቁፋሮ ሐምሌ ላይ ማስገባት ራስን ማታለል ነው። ይህ ሁሉ በውስጡ ስኬጁል ይሰላ፤ ለባለቤቱ ውጤቱ ይድረሳቸው።

8. አጽዱ፣ ፒዲኤፍ አድርጉ፣ በሌላ ሰው ዓይን ፈትሹ

ኤክሴል ላይ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ቼክ ፎር ኢሹስ»፣ «ኢንስፔክት ዶክዩመንት» ብላችሁ ግቡ። የተደበቀ ሺት፣ ኮሜንት፣ የጸሐፊ ስም ካለ ያወጣዋል፤ «ሪሙቭ ኦል» በሉት። ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡ። ፒዲኤፍ የሚመከረው ባለቤቱ እንዳይነካካው ብቻ ብዬ አይደለም። በስልክ ላይ ዓምዱ ሳይበታተን ስለሚከፈትም ነው።

ከዚያ የፍተሻ ዙር፦

- ፒዲኤፉ ውስጥ «ብር»፣ «09»፣ «07» እና «251» ብላችሁ ፈልጉ። አማርኛው አንዳንዴ በፍለጋ ስለማይገኝ በዓይንም አንብቡት።
- የፋይሉን ስም እዩ። «ባለቤት_የተቀነሰ_ዋጋ_የሌለው» የሚል ስም አይቻለሁ። ይህ ስም ራሱ ዋጋ ያለው ሌላ ፋይል እንዳለ ይናገራል። «መርሐ ግብር_ቁጥር 3_ጥቅምት 20» ይበቃል።
- ወደ ሌላ ሰው ስልክ ላኩትና ክፈቱት፤ የቤተሰብ ስልክም ይሆናል። በእናንተ ኮምፒዩተር ላይ ያለው እሳቸው ዘንድ የሚታየው አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሳጥን ለጥፎ ጽሑፍ መሸፈን አያዋጣም። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ኮፒ ተደርጎ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ይወጣል። መጥፋት ያለበትን ከኤክሴሉ አጥፉና እንደገና ፒዲኤፍ አድርጉ።

ኤምኤስ ፕሮጀክት ለምትጠቀሙ

እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ ጋንት ቻርቱ (ሥራዎቹን በአግድም ባር የሚያሳየው ሰንጠረዥ) በራሱ ልማድ ከእያንዳንዱ መስመር ቀኝ የሪሶርሱን (የሠራተኛውን፣ የመሣሪያውን፣ የዕቃውን) ስም ይጽፋል። የሪሶርስ ዓምዱን ብታወጡትም ስሙ ከባሩ ጎን አለ። «ባር ስታይልስ» ውስጥ ገብታችሁ ከ«ቴክስት» ላይ አውጡት።

ሁለተኛ፣ አማካሪው «ዋናውን ፋይል ላኩ» ሲል ፋይሉ ውስጥ የእያንዳንዱ ሪሶርስ ዋጋ አለ። «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ቴምፕሌት ምረጡ። የሚመጣው ሳጥን የሪሶርስ ዋጋን፣ ፊክስድ ኮስትን (ቋሚ ወጪን)፣ ቤዝላይንንና (የመጀመሪያውን ዕቅድና) አክቿል (በተግባር የሆኑትን) ቁጥሮችን ማውጣት ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ዋጋዎቹ ላይ ምልክት አድርጉ። ቴምፕሌቱን ከፍታችሁ እንደ አዲስ ፕሮጀክት አስቀምጡና ያንን ላኩ። ኖቶችና የሪሶርስ ስሞች ግን በዚህ አይጠፉም፤ በእጅ መለወጥ አለባችሁ።

9. ለአንድ ሰው ላኩ፣ ለግሩፕ አይደለም

ባለቤቱን በግል ላኩላቸው፤ አማካሪ ካለ ለእሱም በግል። የሳይቱ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሰብ ኮንትራክተሩ፣ ዕቃ አቅራቢውና የባለቤቱ ዘመድ ሁሉ አሉ። ከፋይሉ ጋር ሁለት መስመር መልእክት ይኑር፦ «ጋሼ፣ ይህ እስከ ጥቅምት 20 የታደሰው መርሐ ግብር ቁጥር 3 ነው። ቁጥር 2ን ይተካል። የእርስዎ ውሳኔ የሚጠበቅባቸው ሁለቱ መስመሮች ከታች አሉ።» ቁጥሩ ከሌለ በየስልኩ የተለያየ ስኬጁል ይዞ መከራከር ይመጣል።

ጎግል ሺት የምታጋሩ ከሆነ፣ የውስጡን ፋይል «ቪው ኦንሊ» አድርጋችሁ አታጋሩ። ማየት የተፈቀደለት ሰው ኮፒ ሊያወጣ ይችላል፤ በኮፒው ላይ የተደበቀው ሺት ይገለጣል። ለደንበኛው የተለየ ፋይል ይኑር። «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውንም አትምረጡ፤ በኢሜይል ስጡ።

በወረቀት የሚፈልጉ ባለቤቶች አሉ፤ ኤ3 ላይ አትሙላቸው። ሳይት ቢሮ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውም ይህ የደንበኛው ቅጂ ይሁን። ባለቤቱ ሻይ ሊጠጡ የሚገቡበት ክፍል ውስጥ የውስጡን ለጥፎ ፋይሉን ማጽዳት ምን ይረባል?

10. በቋሚ ቀን አድሱ

ሁለት ሳምንት አንዴ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቀን። መጀመሪያ የውስጡን አድሱ፣ ከዚያ የደንበኛውን። ቀኑ ከታወቀ ባለቤቱ በመሀል «እስቲ ያላችሁን ላኩልኝ» አይሉም፤ ስህተት የሚፈጠረው በዚያ ጥድፊያ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የቃል ቀን የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ከመድረሱ በፊት ደውላችሁ ንገሯቸው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- የውስጡን ስክሪን ፎቶ አንስቶ መላክ። ከታች ያሉት የሺት ስሞች («ትርፍ»፣ «ክፍያ») ይታያሉ።
- የደንበኛውን ቅጂ በቀጥታ ማረም። በሁለተኛው ወር ሁለቱ ፋይሎች አይገናኙም። ለውጡ ሁሌም ከውስጡ ይጀምር።
- ሁሉን መደበቅ። «ሥራው ሚያዝያ ያልቃል» የሚል አንድ መስመር የተሰጠው ባለቤት፣ በየቀኑ ሳይት እየመጣ ግንበኛውን ይጠይቃል። ግንበኛው ደግሞ ሁሉን ይናገራል።
- ፎርማኑን አለማስጠንቀቅ። እሱ ጋ ያለው ቀን ኅዳር 15፣ ባለቤቱ ጋ ያለው ኅዳር 19 መሆኑን ካልነገራችሁት፣ ባለቤቱ ሲጠይቁት በቅንነት «ጋሼ፣ ማክሰኞ እናልቃለን» ይላቸዋል።

የተሳሳተው ፋይል ከሄደ

ቴሌግራም ከሆነ ወዲያው ለሁለታችሁም ሰርዙት። ያወረዱት ፋይል ግን ስልካቸው ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ መሰረዙን ብቻ አትመኑ። ደውሉና በቀጥታ ተናገሩ፦ «ጋሼ፣ በስህተት የውስጥ ሒሳባችንን ላክሁልዎት፤ እባክዎ ያጥፉልኝ፣ ትክክለኛውን አሁን እልካለሁ።» ትክክለኛውን በዚያው ሰዓት ላኩ። ስሙ ወይም ስልኩ የወጣበትን ሰብ ኮንትራክተርም በዚያው ቀን ንገሩት። ባለቤቱ ቀድመው ከደወሉለት የምትጠየቁት ሁለት ቦታ ነው።